ናቲ ዓይኑን እንዳይጨፍን

ባለፈው ሳምንት መጥበሻ ላይ የወይራ ዘይት ጥጄ፣ ስልክ እያወራሁ ረስቼው፣ ጭሱ ኩሽናውን ሞልቶ የእሳት ማንቂያው መጮህ ሲጀምር፣ መስኮት መክፈት ሲገባኝ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ባለቤቴ ሮጦ መጥቶ ምድጃውን አጠፋና «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? የተቃጠለ የወይራ ዘይት ለሌላው ሰው ያረረ ምሳ ነው፤ ለእኔ ግን አሜሪካ፣ ካናል ዊንቸስተር በምትባል ከተማ በነበረው ቤታችን ጓሮ የተተኮሰ ጥይት ነው።

ከአፓርታማ ወጥተን እዚያ ቤት ስንገባ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ናቲ ደግሞ ስምንት። አባዬ በከተማው ዳር ከተደረደሩት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳ ነበር፣ እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራ ነበር፣ እሁድ እሁድ አራታችንም በአማርኛ ወደሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር። አባዬ አገር ቤት ሳለ ወታደር ነበር። ስለ ጦርነቱ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፣ ጦርነቱ ግን እኛ ቤት ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር፤ በር ሲዘጋ ግድግዳው ይነቃነቅ ነበር፣ ወጥ ጨው ሲበዛበት ሳህኑ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ያርፍ ነበር፣ እጁም ከአፉ ይቀድም ነበር። እኔ የምመታው በረጅም ምላሴ ምክንያት ነበር፣ ናቲ ደግሞ በዝምታው። ናቲ ጉንዳን እንዳይረግጥ መሬት መሬት እያየ የሚሄድ ልጅ ነበር፣ ይህም አባዬን ከምንም በላይ ያበሳጨው ነበር።

በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲለሰልስ እማዬ ጓሮውን ቆፍራ ጎመንና ቃሪያ ተከለች። ጎመኑ ገና ቅጠል ማውጣት ሲጀምር፣ በጓሮው የዕቃ ቤት ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ከድመት የሚወፍር ቡናማ አውሬ ጠዋት ጠዋት እየወጣ እስከ ግንዱ ይግጠው ጀመር። የሰፈሩ ሰው ግራውንድሆግ ይለዋል፤ አባዬ «ፍልፈል» ብሎ ስም ስላወጣለት እኛም ፍልፈል እንለው ነበር። እማዬ ጸለየችበት፣ አባዬ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ያርድ ሴል ሄዶ ጠመንጃ ይዞ መጣ።

ጠመንጃው ባሩድ የማያውቅ የአየር ጠመንጃ ነበር። አፈሙዙን ይዘው ወደ ታች ሲሰብሩት ሆዱ ውስጥ ያለው ወፍራም ሞላ ይጨመቃል፣ ቃታውን ሲስቡት ሞላው ተስፈንጥሮ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ደግሞ የእርሳሷን ጥይት ይገፋል። የእኛው ያረጀ ስለነበር ሲተኮስ ከነሰደፉ ይዘል ነበር፣ ተተኩሶም ካበቃ በኋላ ሆዱ ውስጥ ድዝዝ እያለ ጥርስ ያንቀጠቅጥ ነበር። አባዬ በመጀመሪያው ቀን አንዱን ፍልፈል ጭንቅላቱን ብሎ ጣለው፤ አውሬው በጀርባው ተገልብጦ እግሮቹን እያራገበ በጎመኑ ላይ ደም ረጨ፣ እማዬም ያን መደብ ሙሉውን ነቅላ ጣለችው።

ሌሎች ፍልፈሎች ስለነበሩ አባዬ ናቲን ጠራው። «ወንድ ልጅ ቤቱን ይጠብቃል» አለው። እኔ ሳልጠራ ሄጄ አንድ የለስላሳ ጣሳ በአንድ ተኩስ ከአጥሩ ላይ አወረድኩ፤ አባዬ «ጎበዝ፣ አሁን ገብተሽ እናትሽን አግዢ» አለኝ። አልገባሁም፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አየሁ። ናቲ ሰደፉን ትከሻው ላይ ያደርግና፣ ጥሩ አድርጎ ያነጣጥርና፣ ጣቱ ቃታው ላይ ስታርፍ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ይተኩስ ነበር። ጥይቷ ወደ ሰማይ ትሄድ ነበር። ወዲያው የአባዬ መዳፍ ከኋላ መጥቶ ማጅራቱ ላይ ያርፍ ነበር። «ዓይንህን ክፈት።» ናቲ በእንግሊዝኛ «ሶሪ» ይል ነበር፣ እንደገና ያነጣጥር ነበር፣ እንደገና ይጨፍን ነበር፣ እንደገና ይመታ ነበር።

ይህ በየቅዳሜው ጠዋት ሆነ። ፍልፈሉ ለአባዬ ሰበብ ብቻ ነበር፤ የያዘው ሥራ የልጁን ዓይን ማስከፈት ነበር፣ እኔም ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚሰበር እየፈራሁ እጠብቅ ነበር። ልጄ ፈሪ ነው ብሎ መቀበል ስላልሆነለት አባዬ ጥፋቱን ለጠመንጃውም አካፈለው። «ስለሚዘል ነው ልጁን ያስደነገጠው» አለ። «ውስጡን አለስልሼለት ዓይኑን ባይከፍት ከምላሴ ጸጉር።»

ሙቀቱ ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ አባዬ ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ፣ አሜሪካኖች ጠመንጃቸውን ቤታቸው ሲፈቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ማየት ጀመረ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሞላውን ከማውጣቱ በፊት ጠመንጃውን ረጅም መጭመቂያ ውስጥ ከቶ ያስረው ነበር፤ እኔም መጭመቂያችን የት እንዳለ ጠየቅኩ። አባዬ ሳቀብኝ። «እኔ ዓይኔን በጨርቅ አስሬ ክላሽ የምፈታ ሰው ነኝ፣ ለዚህ መጫወቻ መጭመቂያ ልግዛ?» የክላሽ ሞላ በአውራ ጣት ተገፍቶ ይወጣል አሉ፤ የአየር ጠመንጃ ሞላ ግን ሥራ ላይ ሳይሆንም ተጨምቆ የሚኖር ነገር ነው። አባዬ ሰደፉን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ የቱቦውን የኋላ ጫፍ ወደ ራሱ አዙሮ፣ ክዳኑን የያዘችውን ቁራጭ ብረት በመዶሻ መትቶ አወጣት።

ክዳኑና ሞላው አንድ ላይ ወጥተው አፉን መቱት። ከንፈሩ ተተርትሮ የፊት ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፣ ሞላው ጣሪያውን ነርቶ ተመልሶ የመኪናችንን መብራት ሰበረ፣ ደሙም በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን አለበሰው። ናቲ ፎጣ ይዞ ሮጦ ቀድሞ ደረሰለት። አባዬ ያበደው በሞላው ላይ ቢሆንም ያገኘው ናቲን ስለነበር፣ በክርኑ መትቶ ከመደርደሪያው ጋር አላተመው። እማዬ በረዶ በጨርቅ እየጠቀለለች፣ እኔ ብቻ እንድሰማ አድርጋ፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ» አለች።

ከንፈሩ ተሰፍቶ ሲመለስም አልተወውም። ይህ ሞላ እልኸኛ ነው ብሎ ጫፉን በመጋዝ ቆረጠው፣ የፎርክሊፍት ግራሶ በጣቱ ጠቀጠቀበት፣ እኔና ናቲን ክዳኑ ላይ በሙሉ ክብደታችን እንድንጫን አድርጎ መልሶ ገጠመው። «አሁን ቅቤ ሆኗል» አለ። ቅቤስ ሆኗል፤ ጥይቷ አቅም አጥታ በቀጣዩ ቅዳሜ እሱ ራሱ የተኮሰባት ፍልፈል አልሞተችም። ወገቧን ብሎ የኋላ እግሮቿን አሽመደመዳትና፣ በፊት እግሮቿ እየተጎተተች እንደ ሕፃን እየጮኸች ወደ ዕቃ ቤቱ ስትሳብ፣ አባዬ አካፋ አንስቶ በናቲ ፊት ቀጥቅጦ ጨረሳት። ናቲ ፊቱን ሊያዞር ሲል ጸጉሩን ይዞ መለሰው። የዚያን ቀን አባቴን ጠላሁት፤ ልጅ አባቷን እንዴት እንደምትጠላ የተማርኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

ጋሼ ታምሩ የሚባል፣ የጭነት መኪና የሚነዳ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነበር፤ የአባዬን አፍ አይቶ መሳቁን መደበቅ አቃተው። «ወንድም ዓለሙ፣ ለሚያውቅ ሰው ክፈል» አለው ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ። «ዌስተርቪል ውስጥ ይሄን ብቻ የሚሠራ ሰውዬ አለ። ኮል ላድርግልህ?»

«ለመጫወቻ?»

«ለመጫወቻ ጥርስህን ሰጥተህ የለ እንዴ።»

አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ። ሚስተር ሩዲ የተባለው ባለሙያ ሆዱ ከቀበቶው የፈሰሰ፣ ቁጭ በሉ የማይል፣ ፊት የማይሰጥ ሰው ነበር። ጠመንጃውን በሞርሳ አስሮ፣ መጭመቂያውን ገጥሞ፣ ሞላውን እያባበለ አወጣውና የተቆረጠውን ጫፍ አየ። ወደ እኔ ዞሮ «ይህን የቆረጠው ሥጋ ሻጭ ነው?» አለኝ። አባዬ ገብቶት ሳለ እኔ ግን አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት፤ እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝም። «ወታደር ነው በይው» አለ አባዬ። ከዚያ ከንፈሩን ሸፍኖ፣ «ልጄ ሲተኩስ እንዳይደነግጥ አድርጎ እንዲሠራልኝ ንገሪው» አለኝ። ሚስተር ሩዲም ናቲን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ሲጨርሰው ልጁ ምንም እንደማይሰማው ቃል ገባ። ናቲ እጄን ያዘኝ። ተስፋ ያደረገ መሰለኝ፣ እኔም ተስፋ አደረግሁ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ጠመንጃው መጣ። እውነት ለመናገር ሰውዬው ጥበበኛ ነበር፤ ዝላዩ ጠፍቶ፣ ድዝዝታው ጠፍቶ፣ ቃታው ሲሳብ በር በቀስታ የተዘጋ ያህል ብቻ ይሰማ ነበር። አባዬ ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ፣ ለእኔም ሰጥቶኝ ሳቅኩ። ከዚያ ለናቲ ሰጠው። ናቲ አነጣጠረ፣ ጣቱ ቃታው ላይ አረፈች፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ማስታወስ አልወድም። እስከዚያ ድረስ ጥፋቱን ጠመንጃውና ናቲ ይካፈሉት ነበር፤ ባለሙያው ጠመንጃውን ሲያድነው ጥፋቱ በሙሉ ናቲ ላይ ወደቀ። መዳፉ ቀርቶ ቀበቶ መጣ። ናቲ ትምህርት ቤት በሙቀት ቀንም እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሶ ይሄድ ነበር፣ እማዬ መሃል ስትገባ ገፍቷት ጀርባዋ ከፍሪጁ ጋር ተጋጨ፣ እኔ ፖሊስ እጠራለሁ ብል ስልኬን ነጥቆ ግድግዳ ላይ ከሰከሰው። «ይሄ የፍርሃት መንፈስ ነው» አለች እማዬ፣ ናቲን ሶፋው ላይ አቅፋ። የማንኛቸው መንፈስ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እማዬ ፓስተሩ የጸለየበት የወይራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ነበራት። የቤቱን መቃኖች ትቀባ ነበር፣ የመኪናውን መሪ ትቀባ ነበር፣ ፈተና ሲደርስ ግንባራችንን ትቀባን ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሻወር ውስጥ ሳለ ጋራዥ ገብታ፣ ጠመንጃውን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ አፈሙዙን ሰብራ፣ አየሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዘይቱን ስታንቆረቁር አየኋት። ለናቲ ግንባር ጠብታ ይበቃው ነበር፤ ለጠመንጃው ግን አልሰሰተችም። «ልጄን አትንካብኝ» አለችው፣ ጠመንጃውን ነው ያለችው፣ አንድን ሰው የምታናግር ይመስል ነበር።

ለበረዶው ወራት የወፈረ ፍልፈል ዕቃ ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አባዬ ናቲን እርጥቡ ቅጠል ላይ አንበረከከው፣ ከኋላው ቆመ፣ እጁን አዘጋጀ። ናቲ ቃታውን ሳበ።

የተሰማው የመጫወቻ ድምፅ አልነበረም። ጓሮው በጥይት ድምፅ ተሰነጠቀ፣ ከአፈሙዙ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሰደፉ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ጥይቷ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ በስታ ገባች። ያን ጊዜ አባዬ «ተኛ» ብሎ ጮኸ። የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ ከካናል ዊንቸስተር ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር። ጮኾም በደረቱ ናቲ ላይ ወደቀበት፣ መሬት ላይ ደፍቶ፣ ጭንቅላቱን በሁለት ክንዱ ሸፍኖ፣ በሙሉ ሰውነቱ ከደነው። አንድ ሰው የሚወደውን ከሞት ሲያድን ያየሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሥሩ የተጋደመው ናቲ ግን ይህን አላወቀም። «እከፍታለሁ አባዬ፣ እከፍታለሁ፣ እከፍታለሁ» እያለ ይጮህ ነበር።

ከናቲ አንገት ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት በአባዬ ክብደት ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ሹራቡን በመቀስ ሲቀዱት የቀበቶው ምልክት ታየ፣ ከዚያም የልጆችን ጉዳይ የምትከታተል ሴት መጥታ አንድ በአንድ ታነጋግረን ጀመር። በእኛ ቤት ከሰይጣን ቀጥሎ የምትፈራው እንዲህ ያለች ሴት ነበረች፤ ልጅ ይነጥቃሉ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እማዬ በሩ ላይ እጄን ጨብጣ «አደራሽን፣ ልጆቼን እንዳይወስዱብኝ» አለችኝ። ናቲ «ወደቀብኝ» ብቻ ብሎ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ሴትየዋ እኔን አባቴ ወንድሜን መትቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በመስታወቱ በኩል አባዬን አየሁት፤ ሸሚዙ ላይ ጭቃና ቅጠል ተጣብቆ፣ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። «ዛሬ አልመታውም» አልኳት። «ዛሬ ሊያድነው ነው የወደቀበት። ሌላውን ቀን ሁሉ መትቶታል።»

አልወሰዱንም። አባዬ ግን ከቤት እንዲወጣና ቁጣን ስለ መግታት የሚያስተምር ክፍል እንዲገባ ተፈረደበት፣ በረዶው ሲጥል ጋሼ ታምሩ ቤት ምድር ቤት ተኝቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «አባቷን ለፈረንጅ የሰጠች» ተባልኩ፤ እማዬም ምግቤን እያቀረበች አታናግረኝም ነበር። ጋሼ ታምሩ የተሰነጠቀውን ጠመንጃ ወስዶለት ስለነበር፣ ሚስተር ሩዲ ደውሎ አዲስ ሞላ ላስገባበት ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ዘይት እዚያ ሲገባ በተጨመቀው አየር ሙቀት እንደሚፈነዳ አስረዳኝ፣ የትኛው ደደብ እንዳፈሰሰበትም ማወቅ ፈለገ። አልነገርኩትም። እማዬ እስከ ዛሬ ጌታ ነው ያፈነዳው ትላለች፣ እኔም አልከራከራትም። አባዬን ሞላው ይግባ ወይ ብዬ በስልክ ጠየቅኩት፤ «ጠመንጃው ይቅር በይው» አለኝ።

በዚያው ክረምት አንድ ማለዳ እማዬ ከናቲ ራስ በላይ ካለው መደርደሪያ ብርጭቆ ልታወርድ እጇን አነሳች። ናቲ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ቤታችን ውስጥ ጠመንጃ አልነበረም። እማዬ ብርጭቆውን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ብዙ አለቀሰች፣ ከዚያም በስሜ ጠራችኝ። ያን ዕለት ለአባዬ ደውላ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። በጸደይ ሲመለስ በር አሁንም ያጋጭ ነበር፤ እጁን ግን ከዚያ በኋላ በማናችንም ላይ አላነሳም።

አሁን አባዬ ጸጉሩ ነጥቷል፣ ፎርክሊፍቱንም ትቷል። ናቲ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል፤ ቁመቱ ከአባዬ በራስ ይበልጣል፣ ሲስቅ ቤቱን ይሞላል፣ እሁድ እሁድ ምሳ ሊበላ ይመጣል። ባለፈው እሁድ አባዬ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ልጁ አፍ እጁን ሰደደ። ናቲ፣ ያ ግዙፍ ጎልማሳ፣ አፉን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። እጅ ወደ ፊቱ ሲመጣ እንደሚጨፍን ናቲ አያውቅም፤ ማናችንም ነግረነው አናውቅም። ያኔ አባዬ ያን ዓይን ለማስከፈት ከኋላው ቆሞ እጁን ያዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ ከፊቱ ተቀምጦ፣ ወጡ በጣቶቹ መሃል ወደ አንጓው እየወረደ፣ እጁን አየር ላይ አቁሞ፣ ልጁ በራሱ ጊዜ ዓይኑን እስኪከፍት ይጠብቃል።